ጥሬ ወርቅ በድዋርፍ ፎርትረስ፦ ከአለት ሥር እስከ ንጉሥ አዳራሽ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ድዋርፍ ፎርትረስ የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም እየተጫወትኩ ነው። ሁለት ቆፋሪዎቼ ከምድር በታች ግራጫ ድንጋይ ሲፈለፍሉ አምሽተዋል። የፈለግሁት ለመኝታ የሚሆን ክፍል ብቻ ነው። ድንገት አንዲት መስመር ብቅ አለች፦ ጥሬ ወርቅ ተገኘ። ስክሪኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። በግራጫው መሃል አንድ ቢጫ ካሬ አለ። ከጎኑ ሌላ። አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ።

ያን ሌሊት ያደረግሁትን ዛሬ አላደርገውም። ያለኝን ሠራተኛ ሁሉ ወደ ወርቁ አዞርኩት። ዛፉን አስቆርጬ ከሰል አከሰልኩ። አቀለጥኩ፣ ዋንጫ አሠራሁ፣ ሐውልት አቆምኩ። ብረት የሚባል ነገር አልፈለግሁም። በጌሙ አቆጣጠር ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ ጎብሊኖች የሚባሉ ጨካኝ የተረት ፍጡራን ሊወጉኝ መጡ። ምሽጌ ውስጥ ወርቅ ሞልቷል፣ አንድ ደህና ሰይፍ ግን የለም። አንድም ሰው አልተረፈልኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምሽግ ገንብቻለሁ። ወርቅ በዚህ ጌም ውስጥ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ግን የተማርኩት ከዚያኛው ነው። አዲስ የጀመራችሁ ልጆች "ወርቅ አገኘሁ፣ አሁን ምን ላድርገው?" ስትሉ እሰማለሁ። እስቲ ከመጀመሪያው እንሂድበት።

ጌሙን ላልሰማችሁት ባጭሩ። ድዋርፍ ፎርትረስ የምሽግ ግንባታ ሲሙሌሽን ነው። ታርን አዳምስ እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ሠሩት። ሥራውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ጀመሩ፣ በ2006 ለሕዝብ በነፃ ለቀቁት። ለረጅም ዓመታት ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሰውም አውሬም ድንጋይም በፊደልና በምልክት ነበር የሚታየው። ሥዕል ያለውና የሚሸጠው ዓይነት በዲሴምበር 2022 ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ለስብስቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ ጌሞች አንዱም ይኸው ነው።

የምትጀምሩት በሰባት ድንኮች ነው። ድንኮች ስል በተረት የሚታወቁትን፣ አጫጭር፣ ጢማም፣ ከመሬት በታች መኖር የሚወዱ ፍጡራን ማለቴ ነው። አንድ በአንድ እየጎተታችሁ አታሠሯቸውም። "እዚህ ጋ ይቆፈር"፣ "ይሄ ይሠራ" ብላችሁ ትእዛዝ ታስቀምጣላችሁ፤ ሥራውን የሚያነሳው ጊዜ ያለውና ሙያው የተመደበለት ድንክ ነው። እየበላ ከሆነ በልቶ ሲጨርስ ይመጣል። እንቅልፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ትጠብቃላችሁ።

ወርቁ የት ነው ያለው?

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ውስጥ በሳፋ እየታጠበ የሚወጣውን ነው። ቤኒሻንጉልም ጉጂም እንዲያ እየታጠበ የሚወጣ ወርቅ አለ። በጌሙ ውስጥ አሸዋ አጥቦ ወርቅ ማውጣት የለም። አለት መቁረጥ ነው ሥራው።

የጌሙ ምድር እንደ እንጀራ የተደራረበ ነው። ከላይ አፈርና ሸክላ፣ ከዚያ የተለያየ ዓይነት አለት። ጥሬ ወርቅ የሚገኘው ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ በፈጠራቸው አለቶች ውስጥ ነው። ግራናይት፣ ጋብሮ፣ ዳዮራይት፣ ባዛልት፣ ራዮላይት የመሳሰሉት ማለት ነው። እነዚህን ስሞች ስታዩ ዓይናችሁን ክፈቱ። የወርቁ አቀማመጥ ክምር ሳይሆን ሥር ነው። እንደ ዛፍ ሥር ቀጠን ብሎ፣ እየተጠማዘዘ በአለቱ ውስጥ ያልፋል። አንዱን ጫፍ ካገኛችሁ ሌላው ጫፍ ብዙ ካሬ ርቆ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ እኔም ያኔ አላስተዋልኩትም። የድንጋይ ከሰል የሚገኘው ደለል ተጭኖ በፈጠራቸው አለቶች ውስጥ ነው። የኖራ ድንጋይም እንዲሁ። አብዛኛው የብረት ማዕድን ያለውም እዚያው ነው። ወርቁ ደግሞ በሌላኛው ወገን። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ግራናይት የሆነ ቦታ ላይ ምሽግ ከቆረቆራችሁ፣ ወርቅ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ወርቁን የምታቀልጡበት የድንጋይ ከሰል ግን አይኖራችሁም። ሁለቱም ዓይነት አለት ያለበትን ቦታ መምረጥ ከሁሉ ይሻላል። ቦታ ስትመርጡ ጌሙ ለመሬት ገጹ ቀረብ ያለ የብረታ ብረት ማዕድን መኖር አለመኖሩን ያሳያችኋል። ዓለሙን ስትፈጥሩም ማዕድኑ ብዙ ይሁን ጥቂት የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ለጀማሪ ብዙ ይሁን ብዬ እመክራለሁ። ማፈሪያ የለውም፤ ሥራውን ለመልመድ ማዕድን ያስፈልጋል።

አቆፋፈሩ ከባድ አይደለም። ዶማ የያዘ ቆፋሪ ያስፈልጋል። ሰፊ አራት ማዕዘን ምልክት አድርጋችሁ አካባቢውን በሙሉ ከማስቆፈር ይልቅ፣ የማዕድኑን ሥር ብቻ እየተከተለ የሚቆፍር ትእዛዝ አለ። እሱን ተጠቀሙ። ቆፋሪው አንዱን ካሬ ሲያነሳ የሚቀጥለው ቢጫ ካሬ ይገለጣል፤ ትእዛዙ በራሱ ወደዚያ ይቀጥላል። አለበለዚያ የማይፈለግ ግራጫ ድንጋይ በየኮሪደሩ ይሞላባችኋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁ። የተቆፈረ ካሬ ሁሉ ወርቅ አይሰጥም። ከሥር ላይ ከሚቆፈሩ ካሬዎች አንድ ጓል ጥሬ ወርቅ የሚወጣው ከሦስት አንዱ ገደማ ነው። ሌላው ትቢያ ሆኖ ይቀራል። በድሮዎቹ ስሪቶች የቆፋሪው ችሎታ ይህን ይለውጠው ነበር። አሁን ችሎታ የሚጨምረው ፍጥነት ነው እንጂ ምርት አይደለም። ሠላሳ ካሬ ቆጥራችሁ ሠላሳ ጓል ስትጠብቁ አሥር ብታገኙ፣ ጌሙ ተበላሽቶ አይደለም።

በነገራችን ላይ ፓይራይት የሚባል ቢጫ ድንጋይም አለ። በእውነተኛው ዓለም ስንቱን ወርቅ ፈላጊ ያሳሳተ ድንጋይ ነው። በጌሙ ግን ስሙ ተጽፎ ይመጣል፤ ስሙን አንብቡ። ከፓይራይት ምንም ብረት አይወጣም።

የሸክሙ ነገር

ወርቅ ከባድ ነው። ይሄ የአነጋገር ጉዳይ አይደለም፤ ጌሙ የእያንዳንዱን ነገር ክብደት ከእውነተኛው ዓለም ወስዶ ያሰላል። አንድ ሊትር የሚሆን ወርቅ 19 ኪሎ ከ300 ግራም ይመዝናል። ያንኑ የሚያህል ግራናይት 2 ኪሎ ከ700 ግራም ገደማ ነው። ሰባት እጥፍ ማለት ነው።

በባዶ እጁ የወርቅ ጓል የተሸከመ ድንክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ እርምጃ፣ ቆም። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ከሥር ያለው ጉድጓድና ከላይ ያለው ማቅለጫ አሥር ፎቅ ከተራራቁ፣ አንድ ጓል ለማድረስ የሚፈጀው ጊዜ ያስደነግጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያ ድንክ እህል አያጭድም፣ ጠላ አይጠምቅም። መፍትሔው የእጅ ጋሪ ነው። ከእንጨት አሠሩና ማዕድኑ የሚከማችበት ቦታ ላይ መድቡት። ጋሪ ያለው ሰው በደህናው እርምጃ ይሄዳል። ከዚያም የሚሻለው ማቅለጫውን ወደ ወርቁ ማቅረብ ነው። ጓሉ እዚያው ይቅለጥ፤ ወደ ላይ የሚወጣው የተሠራው ዕቃ ይሁን።

ሲራራ ነጋዴዎች ሲመጡም የክብደቱ ነገር ይነሳል። ነጋዴዎቹ መሸከም የሚችሉት የተወሰነ ነው። ትልልቅ የወርቅ ሐውልቶችን ልሽጥ ብትሉ፣ ሂሳቡ ሳይሞላ ጭነቱ ይሞላል። ለንግድ የሚሆነው ትንንሹ ዕቃ ነው። ሐውልቱን ለቤታችሁ አቆዩት።

ማቅለጥ፣ እና የከሰሉ ጣጣ

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ጓል ጥሬ ወርቅ ወደ ማቅለጫ ሲገባ አራት ጥፍጥፍ ወርቅ ይወጣል። ለዚህም አንድ ከሰል ይነዳል። በጌሙ ዋጋ፣ አንድ ጓል ጥሬ ወርቅ 90 ያወጣል። አንድ ጥፍጥፍ 150 ያወጣል። ስለዚህ 90 የነበረው ድንጋይ በአንድ ከሰል 600 ሆነ። ጥሬውን ለነጋዴ መሸጥ ኪሳራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ከሰሉ ከየት ይመጣል? የድንጋይ ከሰል ከሌለ ከዛፍ ነው። አንድ ግንድ በማክሰያ ምድጃ ሲከስል አንድ ከሰል ይሆናል። ለማቅለጥ አንድ ከሰል ሄደ። ከዚያ አንጥረኛው ጥፍጥፉን ወደ ዋንጫ ሲለውጥ እንደገና ከሰል ይፈልጋል። እያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ከሰል ይበላል። አሥር ጓል አቅልጣችሁ አርባ ጥፍጥፍ ብታገኙና ሁሉንም አንድ በአንድ ብታሠሩት፣ ሃምሳ ዛፍ ማለት ነው። እንግዲህ አልጋውም፣ በርሜሉም፣ የእጅ ጋሪውም ከእንጨት ነው የሚሠራው። ኤልፎች የሚባሉት የጫካ ፍጡራን ደግሞ ዛፍ ሲቆረጥ ደስ አይላቸውም፤ መልእክተኛ ልከው በዓመት ከዚህ በላይ አትቁረጡ እስከማለት ይደርሳሉ።

ከዚህ ጣጣ የሚገላግለው ቅልጥ አለት ነው። ወደ ታች አጥብቆ የቆፈረ ሰው መጨረሻ ላይ ይደርስበታል። እሳተ ገሞራ ያለበት ቦታ የመረጠ ደግሞ እደጁ ላይ ያገኘዋል። ማቅለጫና መቀጥቀጫ በቅልጥ አለት ላይ ሲሠራ ከሰል የሚባል ነገር አይፈልግም። ሙቀቱ ከታች ይመጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። ከባዱ ነገር እዚያ መድረሱ ነው። "ይሄ አለት ይሞቃል" የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣና ቁፋሮው ሲቆም፣ አትቸኩሉ። ቀጥሎ ያለውን ካሬ ከማስነሳታችሁ በፊት በየት በኩል እንደሚፈስ አስቡ።

ወርቅ እና ሙቀት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህን ጌም የወደድኩት እንዲህ ባለው ነገር ነው። ጌሙ የራሱ የሙቀት መለኪያ አለው። ተጫዋቾች ከድንኮቹ ስም ወስደው "ዲግሪ ኡሪስት" ይሉታል። ውሃ የሚረጋው 10000 ላይ ነው፣ የሚፈላው 10180 ላይ። ወርቅ የሚቀልጠው 11915 ላይ ነው። 10000ን ቀንሱና ለ1.8 አካፍሉት። 1064 ታገኛላችሁ። ወርቅ በእውነተኛው ዓለም የሚቀልጥበት የሴልሺየስ ዲግሪ ማለት ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ጽፎ አስገብቶታል።

የቅልጥ አለቱ ሙቀትስ? 12000። ከወርቁ መቅለጫ የሚበልጠው በ85 ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ብዙ ሰው የምታስለቅሰው። የብረት መቅለጫ 12768 ስለሆነ ብረት ቅልጥ አለትን ይችላል። ወርቅ አይችልም። እኔ አንድ ጊዜ የቅልጥ አለት ቦይ መዝጊያውን በወርቅ አሠራሁት፤ ቦዩ ከአዳራሹ ሥር ስለሚያልፍ ያምራል ብዬ ነው። መዝጊያው ሲከፈት ትኩሱ በላዩ አለፈ፣ መዝጊያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚዘጋ ነገር አልነበረም። ከቅልጥ አለት ጋር የሚነካካ መዝጊያ፣ በር፣ ማሽን፣ ሁሉም ከብረት ወይም ሙቀት ከሚችል ድንጋይ ይሁን። የተገነባ ግድግዳ ብቻ ነው ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነው፤ ግድግዳ ከምንም ቢሠራ አይቀልጥም።

ዋጋው በእጅ ነው የሚባዛው

ዋናው ነጥቤ ይሄ ነው። በዚህ ጌም ውስጥ የአንድ ዕቃ ዋጋ በማባዛት ነው የሚሰላው። ሦስት ቁጥሮች አሉ። የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ እና የሥራው ጥራት።

ዋንጫን እንውሰድ። ዋንጫ በራሱ 10 ነው። ከተራ ድንጋይ ሲሠራ በ1 ይባዛል፤ 10 ይቀራል። ወርቅ 30 ነው፤ የወርቅ ዋንጫ 300 ያወጣል ማለት ነው። እስካሁን ድንቅ ነው። አሁን ጥራቱን ጨምሩበት። ጀማሪ የሠራው በ1 ይባዛል። ደህና አድርጎ ከሠራው በ2፣ ከዚያ በ3፣ በ4፣ በ5 እያለ ይሄዳል። የሊቅ ሥራ ሲሆን ግን በ12 ይዘላል። ያው አንድ ዋንጫ 3600 ሆነ። ወርቁ አልጨመረም፣ ከሰሉም አልጨመረም። የጨመረው እጁ ነው።

ገና መዶሻ አያያዝ ለሚማር ልጅ ያንን ሁሉ ወርቅ መስጠት ያሳዝነኛል። በመጀመሪያው ምሽጌ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ የነበረውን ድንክ አንስቼ አንጥረኛ አድርጌ አርባ ጥፍጥፍ ሰጠሁት። ሁሉም ዋንጫ ተራ ዋንጫ ሆኖ ወጣ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እጁን በመዳብ ያፍታታ። መዳብ 2 ነው ዋጋው፤ ቢበላሽ አያስቆጭም። ወርቁን ማከማቻ ውስጥ ቆልፉት። አንጥረኛችሁ በመዳብ ሠላሳ፣ አርባ ዕቃ ይሥራ። ስሙን ከፍታችሁ የሙያ ደረጃውን እያያችሁ ጠብቁ። ሲበስል ወርቁን አውጡለት። እዚህ ላይ ሁለት ሙያ እንዳለ አትርሱ። ዋንጫና ጌጣጌጥ የሚሠራው አንዱ ነው፤ ወንበር፣ በር፣ ሐውልት የሚሠራው ሌላው ነው። አንዱ የተካነ ስለሆነ ሌላውም ይሆናል ማለት አይደለም። ሐውልት በራሱ 25 ነው። በወርቅ 750፣ በሊቅ እጅ 9000። ስለዚህ ሁለተኛውንም ሙያ የሚለማመድ ሰው ከወዲሁ መድቡ።

እነዚህን ቁጥሮች ካወቃችሁ የሌሎቹን ብረቶች ቦታም ታውቃላችሁ። ብር 10 ነው። ብረት 10። ፕላቲነም እና አሉሚኒየም 40፣ ማለትም ከወርቅ ይበልጣሉ። አሉሚኒየም ለምን? ዛሬ ድስት የምንሠራበት አሉሚኒየም፣ በእውነተኛው ዓለምም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከወርቅ የተወደደበት ጊዜ ነበር። በጥንታዊ መንገድ ማውጣት አይቻልማ።

እና ብረት በኖራ ድንጋይና በከሰል ተሠርቶ የሚወጣው ስቲል፣ ስንት ይመስላችኋል? 30። ልክ ከወርቅ እኩል።

ይቺን ቁጥር መጀመሪያ ባውቃት ኖሮ ያ ምሽግ አይጠፋብኝም ነበር። ወርቅ ወደ ሰይፍ አይለወጥም። አንጥረኛው ጋ ሄዳችሁ የወርቅ ጦር ሥራ ብትሉት ትእዛዙ ራሱ የለም። ጋሻም፣ ጥሩርም የለም። ብር እንኳን መዶሻ ይሆናል፤ ወርቅ አይሆንም። ስቲል ግን ሰይፍም ይሆናል፣ ጥሩርም ይሆናል፣ ለነጋዴ ቢሸጥም የወርቅ ያህል ያወጣል። ስለዚህ ከሰሉ ውስን ከሆነ፣ መጀመሪያ ለስቲል ነው የሚሰጠው። ወርቁ አለቱ ውስጥ ቢቆይ አይሻግት። የትም አይሄድም።

ሀብት የሚጠራው

ወርቁ ወደ ዕቃ ሲለወጥ የምሽጉ ጠቅላላ ሀብት ይጨምራል። ሀብት ሲጨምር ወሬው ይሰማል። ነጋዴዎች ብዙ ይዘው ይመጣሉ። ስደተኞች በጎርፍ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ አልጋ ሳይኖራችሁ ሃያ ሰው በር ላይ ይቆማል። ሌቦች ይመጣሉ። ጎብሊኖች ይመጣሉ። ከዚያም ግዙፎቹ አውሬዎች፣ ዘንዶውን ጨምሮ።

ይህ ቅጣት አይደለም፤ ጌሙ እንዲህ ነው የተሠራው። ሀብታም ቤት ብዙ ሰው ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ሀብቱ ከጥበቃው ቀድሞ ሲያድግ ነው። እኔ አሁን የምከተለው ልክ አለ። ቢያንስ አሥር ሰው ሙሉ ትጥቅ ለብሶ ሲለማመድ ሳላይ፣ መግቢያው ላይ የሚነሳ ድልድይ ሳይኖረኝ፣ የወርቅ ማቅለጫ አልተክልም። የተቆፈረው ጥሬ ወርቅ እዚያው ይቆይ። ጓሉ ከተሠራው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ሀብቱ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

የንግዱን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። የድንኮቹ ሲራራ በመኸር ይመጣል፣ የሰዎቹ በበጋ፣ የኤልፎቹ በጸደይ። ኤልፎች ከእንጨት የተሠራ ነገር ብታቀርቡላቸው ይቆጣሉ፤ የወርቅ ዋንጫ ግን ደስ ብሏቸው ይወስዳሉ። በወርቅ ዋንጫ የሚገዛው ጥሩ ነገር ምንድነው? የጎደላችሁ። ብረት ከሌላችሁ ብረት፣ ከሰል ከሌላችሁ ከሰል፣ መስፍ ከሌላችሁ መስፍ። ግራናይት ላይ የተቀመጠ ምሽግ በወርቁ ጦር መሥራት አይችልም፤ ጦር የሚሆነውን ብረት ግን ሊገዛበት ይችላል። ሲራራው ተመልሶ ከመሄዱ በፊት ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንዲያመጣ እንደምትፈልጉ መንገር ይቻላል። ይህን አትዝለሉት።

ሳንቲም መምታትም አለ። ከአንድ ጥፍጥፍ 500 ሳንቲም ይወጣል። በድሮዎቹ ስሪቶች ድንኮቹ በሳንቲም ይገበያዩ ነበር፤ ያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2010 ቀረ። አሁን ሳንቲም ከውበት ያለፈ ጥቅም የለውም። እኔ ግን አንድ ጊዜ ሳላስመታ አላልፍም። የአክሱም ነገሥታት በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ መልካቸውን ያተሙበት የወርቅ ሳንቲም ነበራቸው። ምሽጌ የራሱን ሳንቲም ሲመታ እሱ ትዝ ይለኛል።

ወርቅን ከሌላ ብረት ማዋሐድም ይቻላል። አንድ ወርቅና አንድ ብር ሁለት ኤሌክትረም ይሆናል፤ ዋጋው 20 ነው። ሦስት ወርቅና አንድ መዳብ ቀይ ወርቅ ይሆናል፤ 23። ስሌቱን ካያችሁት፣ 30 እና 10 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 20 ነው፤ በኤሌክትረም ምንም አታተርፉም፣ ምንም አትከስሩም። ቀይ ወርቁም እንደዚያው ነው። ሦስት ወርቅና አንድ መዳብ ለየብቻ 92 ነው፤ አራት ቀይ ወርቅም 92። እኩል ነው። ቀለሙን ከወደዳችሁት ሥሩት፣ ካልሆነ ጊዜ አታጥፉበት።

ጥቂት ጥፍጥፍ ግን ሁሌም ሳይነካ ይቀመጥ። አልፎ አልፎ አንድ ድንክ መንፈስ ያዘው እንደሚባለው ይሆናል። ሥራውን ጥሎ አንድ ወርክሾፕ ይይዝና የሚፈልገውን ነገር ይጠይቃል። አንዳንዱ የሚወደው ብረት ወርቅ ነው፤ ሌላ ብታቀርቡለት አይነካውም። ካገኘ በዘመኑ አንድ ጊዜ የሚሠራ ድንቅ ዕቃ ሠርቶ ይወጣል። ካላገኘ አእምሮውን ይስታል፣ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። በሦስት ጥፍጥፍ ጉድለት ጥሩ ሠራተኛ ማጣት ያማል። የሚገርመው፣ የወርቅ የጦር መሣሪያ ሊኖር የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ድንክ ከወርቅ መዶሻ ቢሠራ፣ ያ ሁሉ ክብደት አጥንት ላይ ሲያርፍ አስቡት።

መኳንንቱና ክፍላቸው

ምሽጉ ሲያድግ መኳንንት ይመጣሉ፤ ወይም ከመካከላችሁ ይሾማሉ። እያንዳንዳቸው የክፍል ደረጃ ይፈልጋሉ። መኝታ፣ መመገቢያ፣ ቢሮ፣ መቃብር ሳይቀር። የክፍሉ ዋጋ የሚሰላው በውስጡ ባለው ዕቃና በግድግዳውና በወለሉ ነው። ንጉሡ የሚፈልገው የመጨረሻውን ደረጃ ነው፤ 10000 የሚያወጣ ክፍል። አሁን ከላይ ያለውን የሐውልት ሂሳብ አስታውሱ። በሊቅ እጅ የተሠራ አንድ የወርቅ ሐውልት 9000። በዚያው እጅ የተሠራ አንድ የወርቅ ዙፋን ብትጨምሩበት ሞላ።

ግን ሐውልቱ ከመሠራቱ በፊት፣ ወርቁ ገና አለቱ ውስጥ እያለ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የክፍል ግድግዳ ሲለሰልስና ሲቀረጽ ዋጋው ግድግዳው ከምን እንደሆነ ጋር ይባዛል። ተራ ግራናይት 1 ነው። ጥሬ ወርቅ 30። ስለዚህ ወርቁን ሁሉ አሟጣችሁ አትቆፍሩት። ሥሩ የሚያልፍበትን ቦታ ተከትላችሁ፣ ከጎኑ ለጎኑ አዳራሽ ክፈቱ። ቢጫው መስመር ግድግዳው ላይ ይቅር። ድንጋይ ቀራጭ ይምጣ፣ ያለስልሰው፣ ሥዕል ይቅረጽበት። ማቅለጫ አላስፈለገ፣ ከሰል አልነደደ፣ አንድ ጓል አልተሸከማችሁ።

አሁን ያለኝ ምሽግ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። የንጉሡ አዳራሽ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ እንዳለ የወርቅ ሥር ነው። ከጣሪያው ጥግ ይጀምርና እየተጠማዘዘ እስከ በሩ ይወርዳል። ቀራጩ በላዩ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ድንኮች ቀርጾበታል፣ ዶማቸውን እንደያዙ።